31.4 ኪሎ ግራም ጨርቅ፦ የክምችት ምርመራና የአንድ ኩዊልት ሥራ ማስታወሻ

ሳምንት 1፦ ምዘና

የዚህ ሥራ ደንብ አንድ ነው። አዲስ ጨርቅ ሳልገዛ፣ በመደርደሪያና በሳጥን ካከማቸሁት ብቻ አንድ ኩዊልት (ከጨርቅ ቁራጮች የተገጣጠመ ላይ ገጽ፣ ሙሌትና ገበር ተደርበው የሚሰፉበት ልብስ) ከላይ ገጹ እስከ ገበሩና እስከ ጠርዙ ሰፍቼ በመጨረስ፣ የጨርቅ ክምችት መያዝ ይጠቅመኛል ወይስ አይጠቅመኝም የሚለውን በስሜት ሳይሆን በሥራ እወስናለሁ። በላይ ገጹና በገበሩ መካከል የሚገባው ሙሌት፣ ክር፣ መርፌና ምላጭ አላቂ ዕቃዎች ስለሆኑ መግዛት ይፈቀዳል። ለዚህ ያነሳሳኝ ባለፈው ሥራዬ የገጠመኝ ነገር ነው፤ ልሙጥ ግራጫ ጨርቅ ፈልጌ ስላጣሁ ሁለት ሜትር ገዛሁ፤ ትርፉን ላስቀምጥ ሳጥን ስከፍት ያንኑ ግራጫ፣ ከሦስት ዓመት በፊት የገዛሁትን፣ ከነእጥፋቱ አገኘሁት።

በመጀመሪያ ምን ያህል ጨርቅ እንዳለኝ ማወቅ ነበረብኝ። እያንዳንዱን ዘርግቶ በሜትር መለካት ቀናት ስለሚወስድ በሚዛን ለመገመት ወሰንኩ። ለኩዊልት የሚሆን መካከለኛ ውፍረት ያለው የጥጥ ጨርቅ በካሬ ሜትር ወደ 140 ግራም ይመዝናል፤ ወርዱ 110 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የአንድ ሜትር ርዝመት ክብደት ወደ 155 ግራም ይሆናል ማለት ነው። ስሌቱን ለማረጋገጥ ርዝመታቸውን በትክክል የማውቃቸውን ሦስት ጨርቆች ስመዝን በሜትር 149፣ 156 እና 161 ግራም ወጡ፤ ለግምት ያህል ይህ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ሁሉንም በከረጢት እየሞላሁ በሻንጣ መመዘኛ ላይ እየሰቀልኩ መዘንኩ። ድምሩ 31.4 ኪሎ ግራም፣ ማለትም ወደ 200 ሜትር ሆነ።

ከመመዘኔ በፊት ግምቴን በወረቀት ጽፌ ነበር፤ 70 ሜትር ይላል። ስለዚህ መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሚዛኑን ነው፤ ሁለት ከረጢት ደግሜ መዝኜ ስህተቱ የእኔ መሆኑን አረጋገጥኩ። ልሰፋው ያሰብኩት ኩዊልት 150 በ180 ሴንቲ ሜትር ነው። ለላይ ገጹ 3.5፣ ለገበሩ 3.5፣ ለጠርዙ ግማሽ፣ በድምሩ 7.5 ሜትር ይፈጃል። 200 ሜትር ለ7.5 ሲካፈል ወደ 26 ኩዊልት ይመጣል፤ እኔ ደግሞ በዓመት ከሁለት በላይ ጨርሼ አላውቅም። ስለዚህ ምንም ሳልጨምር የ13 ዓመት ሥራ ተከማችቷል ማለት ነው።

ንድፉን ሆን ብዬ ቀላል አደረግሁት። እያንዳንዱ ብሎክ አንድ ጠቆር ያለና አንድ ፈካ ያለ ሦስት ማዕዘን ተጋጥመው የሚሠሩት 15 ሴንቲ ሜትር ካሬ ነው፤ 10 ወደ ጎን፣ 12 ወደ ታች፣ ጠቅላላ 120 ብሎክ። አንድ ጠቆር ያለና አንድ ፈካ ያለ 17.5 ሴንቲ ሜትር ካሬ ፊት ለፊት ተደርበው፣ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በተሰመረው መስመር ግራና ቀኝ 6 ሚሊ ሜትር ርቆ ከተሰፋ በኋላ በመስመሩ ላይ ሲቆረጡ ሁለት ብሎክ ይሰጣሉ። ስለዚህ 60 ጠቆር ያሉና 60 ፈካ ያሉ ካሬዎች ያስፈልጋሉ። አንድ ተጨማሪ ደንብ አከልኩበት፤ ከአንድ ጨርቅ ከአንድ ካሬ በላይ አይቆረጥም። ክምችት ለልዩነት ይጠቅማል የሚሉት እውነት ከሆነ እዚህ ላይ ይታይ ብዬ ነው።

ሳምንት 2፦ መለየት

ሁሉንም ጨርቅ ወለል ላይ አውጥቼ ቆጠርኩ፤ 214 ዓይነት ነው። በእጅ ስነካቸው ምንነታቸውን ያልለየኋቸውን 17 ጨርቆች በእሳት ፈተንኩ። ከዳራቸው ሁለት ሦስት ክር መዝዤ፣ በወረንጦ ይዤ፣ ውሃ ካለበት የብረት ሳህን በላይ አቃጠልኳቸው። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነድዳል፣ የወረቀት ጢስ ይሸታል፣ በጣት ሲነካ የሚበን ለስላሳ አመድ ይተዋል። ፖሊስተር ከእሳቱ ሸሽቶ ይኮማተራል፣ ይቀልጣል፣ ሲቀዘቅዝም ጠጣር ጥቁር ዶቃ ይሆናል። ቅይጡ ሁለቱንም ያሳያል፤ አመድ ይሆናል፣ በአመዱ ውስጥ ግን በጣት ሲታሽ የሚቆረቁር ጠጣር ነገር ይገኛል። ስድስቱ ቅይጥ ሆነው ተገኙ። ሌሎች አምስት ጨርቆች ጥጥ ቢሆኑም ለመጋረጃ የተሠሩና እጅግ ወፍራም በመሆናቸው አብረው ወጡ።

የጉዳቱ ምርመራ ከጠበቅሁት በላይ አስከፊ ነበር። በመስኮት አጠገብ ባለው መደርደሪያ ላይ ቆመው የነበሩ አምስት ጨርቆች እጥፋታቸው በብርሃን ደብዝዟል። ሲዘረጉ በየ25 ሴንቲ ሜትሩ ነጣ ያለ መስመር ይታያል፤ በመታጠብም ሆነ በካውያ የሚጠፋ አይደለም። ሁለት ጨርቆች ቀለም ያልተቀባ የእንጨት መደርደሪያ በነኩበት ጎናቸው ቢጫ ሆነዋል፤ እንጨትና ተራ ካርቶን አሲድ ስላላቸው ጨርቅን በዝግታ ያወይባሉ፣ ያደክማሉም። አንድ ጥቅል በላስቲክ አስሬው ኖሮ ላስቲኩ ቀልጦ ተጣብቆበታል። እነዚህ ስምንቱ ተወገዱ፤ ከአንዳንዶቹ ደህናውን ክፍል ቆርጦ ማዳን ይቻል ነበር፣ ነገር ግን ለዚህ ሥራ አላስፈለገኝም። በጥብቅ በተዘጋው የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ የነበሩት ደግሞ አልሻገቱም እንጂ የታመቀ ሽታ ነበራቸው፤ ጥቂት እርጥበት ይዞ የተዘጋ ጨርቅ መተንፈሻ የለውምና።

ጨርቅ በቆየ ቁጥር ምንም አይሆንም የሚለውን እምነቴን እዚህ ላይ ተውኩት። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሰፉ ኩዊልቶች ላይ ቡናማና ጥቁር ቁራጮቹ ብቻ ተበጣጥሰው፣ በጎናቸው ያለው ሮዝና ሰማያዊ ግን ደህና ሆኖ የሚታየው፣ ቀለሙን ለማያያዝ የገባው ብረት ክሩን ስለሚበላው ነው። የዛሬ ቀለም ያን ያህል ጨካኝ አይደለም፤ ቢሆንም ብርሃን፣ እርጥበትና አሲድ ዛሬም ሥራቸውን ይሠራሉ።

ከ214 ዓይነት 195 ቀረ።

ሳምንት 3፦ ማጠብ

ታጥቦ የተቀመጠውንና ያልታጠበውን ለይቼ አላስቀመጥኩም፤ የዚህ ሳምንት ድካም በሙሉ የመጣው ከዚህ ቸልተኝነት ነው። መታጠብ ለምን እንደሚያስፈልግ ለመለካት ከሁለት ጨርቆች 50 በ50 ሴንቲ ሜትር ቆርጬ በሞቀ ውሃ አጠብኩ። አንደኛው አልተለወጠም፤ ቀድሞ የታጠበ ነበር ማለት ነው። ሁለተኛው በድሩ በኩል 48.2፣ በማጉ በኩል 49.3 ሴንቲ ሜትር ሆነ፤ በድሩ በኩል 3.6 በመቶ አጥሯል። እነዚህ ሁለቱ ጎን ለጎን ተሰፍተው ኩዊልቱ በኋላ ቢታጠብ አንዱ ሲኮማተር ሌላው ይጨማደዳል። ሁሉም ያልታጠቡ ቢሆኑ ኖሮ አንድ ላይ ስለሚያጥሩ ችግር አይሆንም ነበር፤ የሚያስቸግረው መደባለቁ ነው።

ስለዚህ 195ቱንም በስድስት ዙር አጠብኩ። በመጀመሪያው ዙር ዳራቸውን ሳላዘጋጅ ስለከተትኳቸው ክራቸው ተመዝዞ እርስ በርሱ ተቋጠረ፤ ከሩብ ሜትር ያነሱት ቁራጮች ገመድ ሆነው ወጡ፣ ለመፍታትም አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ ማዕዘናቸውን በትንሹ በሰያፍ ቆረጥኩ፣ ትንንሾቹንም በመረብ ከረጢት ከተትኩ፤ ችግሩ ቀለለ።

ቀይ፣ ጥቁር ሰማያዊና ሐምራዊ የሆኑትን ለየብቻ ፈተንኩ። ከእያንዳንዱ ትንሽ ቁራጭ በብርጭቆ ሙቅ ውሃ ውስጥ ከነጭ ጨርቅ ጋር ለግማሽ ሰዓት ማስቀመጥ በቂ ነው። አራቱ ቀለም ለቀቁ። አንደኛው ከሁለት እጥበት በኋላ አቆመ፤ ሦስቱ ግን ከሦስተኛው እጥበት በኋላም ነጩን ጨርቅ ስላቀለሙት ከሥራው ወጡ። 192 ቀረ።

ሳምንት 4፦ ፈካ ያለው የት ሄደ?

የታጠበውንና የተተኮሰውን ሁሉ በአሥር በአሥር ደርድሬ በስልክ ፎቶ አነሳሁና ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ቀየርኩት። ቀለም ዓይንን ያታልላል፤ ደማቅ ቢጫና ደማቅ ቀይ ጎን ለጎን ሲታዩ እጅግ የተለያዩ ይመስላሉ፣ በጥቁርና ነጭ ፎቶ ግን ቀዩ ጥላ፣ ቢጫው ነጭ ይሆናል፤ በተቃራኒው ቀይና አረንጓዴ አንድ ዓይነት ግራጫ ሊሆኑ ይችላሉ። ንድፌ ያለ ጠቆርና ፈካ ልዩነት የሚታይ ስላልሆነ ዳኛው ፎቶው ነው።

ውጤቱ እንዲህ ነው፦ ጠቆር ያለ 88፣ መካከለኛ 73፣ ፈካ ያለ 31።

ይህን ቁጥር ብዙ ጊዜ ተመለከትኩት። 200 ሜትር ጨርቅ ይዤ፣ ከሁሉም ተራ የሆነውን 60 ፈካ ያለ ካሬ ማሟላት አቃተኝ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጨርቅ ስገዛ ዓይኔ የሚያርፈው ደማቅ በሆነው፣ አበባው ጎልቶ በሚታየው፣ ጥልቅ ቀለም ባለው ላይ ነው፤ ብቻውን ሲታይ የማያስደስት ክሬም ወይም ነጣ ያለ ግራጫ ማንም ወድዶ አይገዛም፣ እኔም አልገዛሁም። ሆኖም ያ ደማቅ አበባ ጎልቶ የሚወጣው ከጎኑ ጸጥ ያለ ነገር ሲኖር ነው። ክምችቴ በአሥር ዓመት ውስጥ የወደድኳቸውን ነገሮች በትክክል መዝግቧል፤ ኩዊልት የሚፈልገውን ግን አልመዘገበም።

መፍትሔ ፍለጋ ሦስት ነገር ሞከርኩ።

የመጀመሪያው መካከለኞቹን ገልብጦ ማየት ነው። ቀለም የታተመበት ጨርቅ ጀርባው ከፊቱ ፈካ ይላል፤ አንዳንዱ እንዲያውም ከፊቱ ይልቅ ለስለስ ያለ ውበት አለው። ከ73ቱ መካከለኛ 14ቱ ሲገለበጡ በፎቶው ላይ ፈካ ካሉት ወገን ሆኑ። ገዝቼ የማላውቃቸው 14 ጨርቆች በእጄ ነበሩ ማለት ነው፤ ከሳምንቱ ሁሉ ያስደሰተኝ ይህ ነው። ሁለተኛው፣ አንገትጌያቸው ያለቀ ስምንት የጥጥ ሸሚዞች ሊቆረጡ በሳጥን ተቀምጠው ስለነበር እነሱን ተረተርኩ። የአንድ ሸሚዝ ጀርባ ብቻውን ከአራት በላይ ካሬ ይወጣዋል፤ እኔ ከእያንዳንዱ የፈለግሁት አንድ ነው። 31 እና 14 እና 8፣ 53 ሆነ። ለቀሩት ሰባት ደንቤን አፈረስኩ፤ ሰባት ፈካ ያሉ ጨርቆች ሁለት ሁለት ጊዜ ተቆረጡ።

ክምችትን የሚነቅፉ ሰዎች፣ ለያዙት ሥራ የሚያስፈልገውን ብቻ ገዝቶ መጨረስ ይሻላል ይላሉ፤ በዚህ ሳምንት ግን ስሌቱ እነሱን አልደገፈም። 120 ካሬ የሚጠይቀው 3.5 ሜትር ብቻ ነው። ጨርቅ የሚሸጥ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ከሩብ ሜትር በታች አይቆርጥም፤ ስለዚህ 120 የተለያየ ጨርቅ ለዚህ አንድ ሥራ ልግዛ ብል 30 ሜትር ገዝቼ 26.5 ሜትር ይተርፈኛል። ያ ትርፍ ምን ይባላል? ክምችት ነው። የብዙ ዓይነት ቁራጭ ኩዊልት ያለ ክምችት አይሠራም፤ ወይ ቀስ በቀስ ይጠራቀማል፣ ወይ በአንድ ቀን ይፈጠራል።

ሳምንት 5፦ መቁረጥና መስፋት

የቆረጥኩት 45 ሚሊ ሜትር ክብ ምላጭ ባለው ሮታሪ መቁረጫ፣ በማስመሪያና በመቁረጫ ንጣፍ ነው። ይህ መሣሪያ በጃፓኑ ኦልፋ ኩባንያ በ1979 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፤ ከዚያ በፊት የኩዊልት ጨርቅ በአብዛኛው በመቀስና በካርቶን ቅርጽ ይቆረጥ ነበር። ምላጬ አንድ ስፒል ስለረገጠ በእያንዳንዱ ዙር አንድ ክር ሳይቆርጥ ያልፍ ጀመር። በዚያው ልግፋበት ብዬ 20 ካሬ ያህል በኃይል ተጭኜ ስቆርጥ ማስመሪያው ሸሸ፤ አራት ካሬ ተበላሸ። አዲስ ምላጭ ገዛሁ። መጀመሪያውኑ መቀየር ነበረብኝ።

ሁለተኛው ስህተት የከፋ ነው። የሸሚዝ ጨርቅ ቀጭን በመሆኑ ሰያፍ ስፌት ላይ ማዕዘኑ ከስፌት መኪናው መርፌ ሥር ባለው ጠፍጣፋ ብረት ቀዳዳ ውስጥ እየገባ ይበላ ነበር። ስታርች ረጭቼ ተኮስኩት፤ ጠነከረ፣ መለጠጡም ቀነሰ። በተጨማሪም ጠፍጣፋውን ብረት አንዲት ጠባብ ቀዳዳ ባለው፣ ጨርቁን ከላይ የሚጫነውን የመኪናውን እግርም ከእሱ ጋር በሚሄደው ቀየርኩ። ያላስተዋልኩት፣ አዲሱ እግር ከመርፌው እስከ ጠርዙ በትክክል 6 ሚሊ ሜትር ሲሆን የቀድሞው 7 መሆኑን ነው። ከመቀየሬ በፊት አራት ረድፍ ገጥሜ ነበር። አንድ ረድፍ 10 ብሎክና 9 ስፌት አለው፤ በእያንዳንዱ ስፌት ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ሚሊ ሜትር ሲጠፋ በረድፉ 1.8 ሴንቲ ሜትር ያጥራል። አምስተኛውን ረድፍ ከአራተኛው ጋር ላያይዝ ስል 151.2 እና 149.4 ሆነው ተገኙ።

እየሳቡ ማዳረስ ይቻል ይሆን ብዬ በስፒል ሞከርኩ፤ ማዕዘኖቹ አንዱም አልገጠመም። ስለዚህ 36 ስፌት ተርትሬ እንደገና ሰፋሁ። አምስት ሰዓት ፈጀ። ከዚህ በኋላ እግር በቀየርኩ ቁጥር ሁለት ቁራጭ ሰፍቼ እለካለሁ።

ሳምንት 6

አሥራ ሁለቱም ረድፎች ተጋጠሙ። የላይ ገጹ ከዳር እስከ ዳር 151 በ181.3 ሴንቲ ሜትር ሆነ፤ ለጠርዝ የሚገባው 1.2 ሴንቲ ሜትር ሲቀነስ ከታቀደው በሁለት በሦስት ሚሊ ሜትር ብቻ ይለያል። ከሦስት ሜትር ርቀት የተገለበጡት ጨርቆች አይለዩም። ሁለት ጊዜ ከተቆረጡት ሰባት ጨርቆች አንዱ ጥንድ ግን ጎን ለጎን ወድቋል፤ አውቄ ተውኩት።

ሳምንት 7፦ ገበር

ገበሩ ከላይ ገጹ በየጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር መትረፍ ስላለበት 170 በ200 ሴንቲ ሜትር ይፈልጋል። አንድ ወጥ 3.4 ሜትር ጨርቅ ሁለት ቦታ ተቆርጦ አንድ ስፌት ብቻ ቢኖረው ጥሩ ነበር። ሳጥኑን ሁሉ ፈተሽኩ። ከቀረው 190 ሜትር በላይ ጨርቅ ውስጥ ረጅሙ ቁራጭ 2.1 ሜትር ነው። ግማሽ ሜትር፣ አንድ ሜትር፣ ሩብ ሜትር፤ ሁልጊዜ ትንሽ ትንሽ የገዛሁት ውድ እንዳይሆንብኝ ነበር፣ ተደምሮ ግን ውድ ሆኗል፣ ለገበርም አይበቃም።

2.1 ሜትሩን በአንድ ወገን አድርጌ፣ የቀረውን 64 ሴንቲ ሜትር ወርድ ከአራት ቁራጭ ገጠምኩት። ዳር ዳሩን ያለውን ጥቅጥቅ ያለ ክፍል ቆርጬ ጣልኩ፤ እሱ ከመሃሉ የተለየ ስለሚኮማተር ስፌት ውስጥ ቢቀር ይስባል። ስፌቶቹን ወደ አንድ ወገን ከማጠፍ ይልቅ ከፍቼ ተኮስኳቸው፤ ከላይ ገጹ ስፌት ጋር ሲደራረቡ ውፍረቱ እንዲቀንስ ነው። ከአራት ሜትር ጥቂት የሚያንስ ጨርቅና አንድ ቀን ተኩል ወሰደ። በአንድ ወጥ ጨርቅ ቢሆን ከአንድ ሰዓት ያልበለጠ ሥራ ነበር።

ባለው ነገር መሥራት ውበት የሚፈጥርበት ጊዜ እንዳለ አልክድም። በአሜሪካ አላባማ ግዛት የጊስ ቤንድ ሴቶች ካለቀ የሥራ ልብስ የሰፏቸው ኩዊልቶች በ2002 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ለዕይታ ቀርበዋል። እዚያው አካባቢ ፍሪደም ኩዊልቲንግ ቢ የተባለው የሰፊዎች ማኅበር ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሲርስ የችርቻሮ ኩባንያ የኮርዱሮይ ትራስ ልብስ ሲሰፋ የተረፈው ቁርጥራጭ ወደየቤቱ ሄዶ ራሱን የቻለ የኩዊልት መልክ ወልዷል። ነገር ግን የእነሱ ጨርቅ ሥራ ወይም ልብስ ሆኖ ከኖረ ነገር የተረፈ ነው፤ የእኔ ደግሞ ምንም ሳይሆን የተቀመጠ ነው። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት ራሴን መሸንገል መስሎ ይታየኛል።

ሳምንት 8፦ ሦስቱን ማያያዝ

ሙሌቱን ገዛሁ፤ 80 በመቶ ጥጥ፣ 20 በመቶ ፖሊስተር ነው። ከመጠቅለያው ወጥቶ አንድ ሌሊት ተዘርግቶ አደረ፤ እጥፋቱ እንዲለቅ። ገበሩን ፊቱን ወደ ወለሉ አድርጌ ሳልወጥር ግን ሳይጨማደድ በማጣበቂያ ቴፕ ያዝኩት፣ ሙሌቱንና የላይ ገጹን ደረብኩበት፣ ከመሃል ወደ ዳር በየ10 ሴንቲ ሜትሩ በመርፌ ቁልፍ አያያዝኩት። 260 መርፌ ቁልፍ ገባ። በክር መወስወስ የተሻለ ይይዛል የሚሉ አሉ፤ ጉልበቴ ግን አልፈቀደም።

በሰያፍ አቅጣጫ በየ5 ሴንቲ ሜትሩ ቀጥ ያለ መስመር ሰፋሁ፣ ላይኛውንና ታችኛውን ጨርቅ እኩል በሚጎትተው እግርና በ90/14 ቁጥር መርፌ። ክሩ ከአሮጌ ክምችቴ ነበር፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት መስመሮች ላይ ሰባት ጊዜ ተበጠሰ። መርፌውን ቀየርኩ፣ ውጥረቱን አላላሁ፣ አሁንም ተበጠሰ። በመጨረሻ ክሩን በሁለት እጄ ይዤ ሳብኩት፤ ያለ ምንም ትግል ተበጠሰ። የጥጥ ክር እንደ ጨርቅ ሁሉ በብርሃንና በጊዜ ይደክማል። አዲስ ክር ተገዛ፤ የተሰፋውም ተተረተረ። ክር እንደማይከማች የተማርኩት በዚህ ነው።

ገበሩ ላይ ሦስት ስፌት በተገናኙበት ቦታ አንድ መጨማደድ ተፈጥሯል። 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ተርትሬ አስተካከልኩት፤ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም።

ሳምንት 9፦ ጠርዝ፣ ከዚያም ቀዩ

ለጠርዙ 6.5 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያላቸው ሰባት ጥብጣቦች በቂ ናቸው፤ 45.5 ሴንቲ ሜትር ጨርቅ ማለት ነው። ጥቁር ቀይ መረጥኩ። ይህ ጨርቅ ከ192ቱ መካከል ነው፣ በሳምንት 3 ታጥቧል፣ ነገር ግን በብርጭቆ አልተፈተነም። በዚያ ሳምንት ቀይ ያልኳቸውን ስለይ ይህን ቡናማ ብዬ አልፌው ነበር፤ መብራቱ ደብዛዛ ነበር። ጠርዙን በመኪና ሰፍቼ፣ በጀርባው በእጅ ቀምቅሜ ጨረስኩና ኩዊልቱን ለመጀመሪያ ጊዜ አጠብኩ።

ከማጠቢያው ሲወጣ በዙሪያው ያሉት ፈካ ያሉ ሦስት ማዕዘኖች ሮዝ ሆነዋል።

ያደረግሁትን እጽፋለሁ፣ ለሚገጥመው ሰው ይጠቅማልና። በመጀመሪያ ፈጽሞ አላደረቅሁትም፤ የለቀቀ ቀለም ጨርቁ ላይ ሳይደርቅ ማስለቀቅ ይቀላል፣ በሙቀት ከደረቀ በኋላ ግን ይከብዳል። መታጠቢያ ገንዳውን በጣም ሙቅ ውሃ ሞላሁት፣ ፈሳሽ ሳሙና ጨመርኩ፣ ኩዊልቱ ሙሉ በሙሉ እስኪሰምጥ ከተትኩትና 12 ሰዓት አቆየሁት። ውሃው መብዛቱ ዋና ነገር ነው፤ ለቅቆ የወጣው ቀለም ውሃው ውስጥ ተንሳፍፎ እንዲቀር እንጂ ተመልሶ ጨርቁ ላይ እንዳይቀመጥ። ጠዋት ውሃው ሮዝ ሆኖ አገኘሁት፤ ደፍቼ ደገምኩ። ከሦስተኛው ዙር በኋላ ውሃው ጠራ። ሮዙም ጠፋ፣ በአንድ ማዕዘን ካሉ ሁለት ብሎኮች በስተቀር፤ እነዚያ ከውሃው በላይ ተንሳፍፈው ያደሩት ናቸው። አሁን ክብደት እንደሚያስፈልገው አውቄያለሁ።

ሳምንት 10፦ ሒሳብ

ወጪውን በገንዘብ ሳይሆን በጨርቅ ሜትር ዋጋ መዘገብኩ፤ ለማወዳደር ስለሚቀል። ሙሌቱ የ4 ሜትር፣ ክሩ የ1.5 ሜትር፣ መርፌና ምላጩ የ1 ሜትር ጨርቅ ዋጋ ወሰዱ፤ ድምሩ 6.5 ነው። ጨርቁን ሁሉ አዲስ ብገዛ ኖሮ 7.5 ይጨመርበት ነበር። ከክምችት የሚሠራ ኩዊልት በነፃ ይገኛል የሚባለው ስለዚህ ትክክል አይደለም፤ ግማሽ ያህሉ ወጪ በማንኛውም ሁኔታ አለ፣ ሌላው ግማሽ ደግሞ ቀደም ብሎ ተከፍሏል። በሰዓት ሲታይ ከ74 ሰዓት ሥራ 21 የሄደው በምዘና፣ በመለየት፣ በማጠብና በመተኮስ ነው። ይህ ሁሉ ጨርቁ በተገዛበት ቀን ቢሠራ ኖሮ በየጊዜው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስድ ነበር።

ውሳኔዬ እንደሚከተለው ነው። ክምችቱን እይዛለሁ፣ ግን የዓይነት ክምችት እንጂ የሜትር ክምችት አይሆንም። ከእያንዳንዱ ጨርቅ ግማሽ ሜትር ይቀራል፤ ከዚያ በላይ ያለው ወይ ለተወሰነ ሥራ ስም ይጻፍበታል ወይ ይሰጣል። ገበር ከእንግዲህ ለሥራው ተለክቶ ይገዛል፤ ለዚህ ጉዳይ ክምችትን የሚነቅፉት ሰዎች ሙሉ በሙሉ ትክክል ናቸው። ክር ለያዝኩት ሥራ ብቻ። አዲስ የገባ ጨርቅ በዚያው ቀን ይታጠባል፣ በብርጭቆ ይፈተናል፣ የታጠበበት ቀንና ርዝመቱ የተጻፈበት ወረቀት በስፒል ይያያዝበታል። ቡናማ የሚመስለውም ይፈተናል።

በዚህ መሠረት 9.6 ኪሎ ግራም ልብስ ስፌት ለሚማሩ ሰዎች ተሰጠ፣ 2.3 ኪሎ ተወገደ፣ ኩዊልቱ ከነብክነቱ 1.4 ኪሎ ወሰደ፤ 18.1 ኪሎ ግራም ቀረ። ወደ 117 ሜትር ነው፤ በእኔ ፍጥነት አሁንም ወደ ስምንት ዓመት ይጠጋል። ግቤ 12 ኪሎ ነው። የቀረውን ስድስት ኪሎ ለመስጠት ሦስት ጊዜ ተቀምጬ ስለይ ሦስቱንም ጊዜ ከ400 ግራም በላይ አላወጣሁም፤ ስለዚህ የሚቀጥለው ኩዊልት ገበሩ ካልሆነ በቀር ከጠቆሮቹ ብቻ እንዲሠራ አቅጃለሁ፣ ቢያንስ ሁለት ኪሎ እንዲወስድ ብሎኩን ጠባብ ጥብጣብ በጥብጣብ ላይ የሚደረብበት አድርጌዋለሁ።

ትናንት ስድስት ፈካ ያሉ ጨርቆች ገዛሁ፣ ከእያንዳንዱ ግማሽ ሜትር። አምስቱ ብቻቸውን ሲታዩ ምንም አይስቡም። ስድስተኛው ላይ ትንንሽ ሰማያዊ አበባ አለ፤ በጥቁርና ነጭ ፎቶ ሳየው መካከለኛ ሆኖ ተገኘ።